ጨጓራዎ ንጹህ ነው ከተባለ በኋላ፦ የትንሹን አንጀት ዕጢ በኢንዶስኮፒ መፈለግ

«ኢንዶስኮፒ ተደርጎልኝ ምንም የለብህም ተብያለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ቀጣዩን ጥያቄ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፦ ቱቦው እስከ የት ደረሰ? ሆድ ያመመው ሁሉ «ጨጓራ ነው» በሚባልበት አገር ኢንዶስኮፒ ማለት የጨጓራ ኢንዶስኮፒ ማለት ሆኖ ቀርቷል። በአፍ የሚገባው የተለመደው ቱቦ የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራን፣ ከዚያም ዱኦዲነም የሚባለውን የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አይቶ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። በፊንጢጣ የሚገባው ኮሎኖስኮፒ ደግሞ ትልቁን አንጀት ጨርሶ፣ ሐኪሙ ከተጋ፣ የትንሹን አንጀት የመጨረሻ ጥቂት ሳንቲሜትሮች ያያል። በሁለቱ መካከል ጀጁነምና ኢሊየም የሚባሉ፣ ተጣጥፈው የተቀመጡ በርካታ ሜትሮች አሉ። «ንጹህ ነው» የሚለው ወረቀት ስለዚያ ስፍራ የሚናገረው ነገር የለም።

ትንሹ አንጀት ከሥርዓተ ምግብ ርዝመት ሦስት አራተኛውን ያህል ይይዛል። ከሥርዓተ ምግብ ካንሰሮች ግን የሚበቅልበት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነው። ብርቅ መሆኑ ደግ ነው፤ ችግሩ ብርቅ ስለሆነ ማንም ቀድሞ አያስበውም። ይህ ጽሑፍ ምርመራው ለታዘዘላቸውና አብረዋቸው ለሚሄዱ ቤተሰቦች ነው። ሐኪሙን አይተካም፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ ምን እንደሚጠይቁና ምን ይዘው እንደሚሄዱ ግን ያሳያል።

መጠርጠር የሚጀመረው ከየት ነው

በትንሹ አንጀት የሚያልፈው ምግብ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ዕጢው መንገዱን በጣም ካላጠበበ በስተቀር ምንም አይሰማም። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሆን ደም ማነስ ነው። በዓይን የማይታይ ደም በየዕለቱ በጥቂቱ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ የሰውነት ብረት ያልቃል፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል። ሲቆይ ከምግብ በኋላ ለጥቂት ሰዓት አጥምዞ የሚለቅ ቁርጠት፣ ምክንያት የሌለው ክብደት መቀነስ፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ ይመጣል። ዕጢው ሐሞት ወደ አንጀት በሚገባበት አፍ ላይ ከወጣ ደግሞ ዓይን ቢጫ ይሆናል።

ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ከተገኘባቸው፣ ሌላ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ከሆድ ዕቃ የሚፈስ ደም መኖሩ መጠርጠር አለበት። የብረት ክኒን ሰጥቶ «ምስርና ቀይ ሥር ይብሉ» ብሎ መሸኘት ምርመራ አይባልም። ክኒኑ ሄሞግሎቢኑን ከፍ ያደርጋል፤ የሚያደማው ነገር ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

እርግጥ በኢትዮጵያ ወደ ትንሹ አንጀት ኢንዶስኮፒ ከመሮጥ በፊት ርካሹ ይቀድማል። የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ ይህንኑ ዓይነት ደም ማነስ ያመጣል፤ ሰገራ ይመርመር። በሌላ በኩል ለወገብና ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የትንሹን አንጀት ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ለዓመታት ሲወሰዱ ሊያጠቡትም ይችላሉ። ለሐኪም «መድኃኒት አልወስድም» ብለው ከመመለስዎ በፊት ይህንንም፣ የሀገር መድኃኒቱንም ይቁጠሩ። በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ የአንጀት ካንሰር የታመመ ሰው ካለ፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ በከንፈርና በአፍ ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ዘመድ ካለ ይናገሩ። ነጠብጣቡ በትንሹ አንጀት ውስጥ ፖሊፕ የሚያበቅለው የፑትስ ጄገርስ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ክሮንስና ሲሊያክ የሚባሉት የቆዩ የአንጀት ሕመሞችም አደጋውን ከፍ ያደርጋሉ።

ከካፕሱሉ በፊት

ካፕሱል የሚባለውን የሚዋጥ ካሜራ ከማሰብዎ በፊት የድሮዎቹን ወረቀቶች ያግኙ። የጨጓራ ኢንዶስኮፒው ሪፖርት ላይ የዱኦዲነም ሁለተኛ ክፍል መታየቱ ተጽፏል? የኮሎኖስኮፒው ሪፖርት ላይ «ተርሚናል ኢሊየም» የሚል ቃል አለ? ካልተጻፈ እንዳልታየ ይቁጠሩት። የደሙ ምንጭ ተራው ቱቦ በሚደርስበት ስፍራ ሆኖ በመጀመሪያው ዙር ያመለጠ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ «እንደገና ልየው» ቢል ገንዘብ ሊበላ ነው ብለው አይጠርጥሩ። ዓይናቸው ቢጫ ለሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ተራው ቱቦ አይበቃም፤ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያይ የሐሞት ቱቦውን አፍ ሊስተው ይችላል። ለዚያ መነጽሩ በጎኑ የሆነ ሌላ ቱቦ አለ፤ መኖሩን ይጠይቁ።

ሁለተኛው ጉዳይ መንገዱ ክፍት መሆኑ ነው። ሆድ ተነፍቶ፣ ማስመለስ ተደጋግሞ፣ ሰገራም አየርም አልወጣ ካለ ነገሩ የድንገተኛ ክፍልና የቀዶ ሐኪም ነው፤ ስለ ካፕሱል የሚወራበት ሰዓት አይደለም። የሚመጣና የሚሄድ ቁርጠት ያለበት፣ ሆዱ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ያየ፣ ክሮንስ ያለበት፣ የሕመም ማስታገሻ ለዓመታት የወሰደ ሰው ግን ካፕሱል ከመዋጡ በፊት የአንጀት ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ቢነሣ ይሻላል።

ይህ ሲቲ ከተራው የሚለየው በሚጠጣው ፈሳሽ ነው። አንጀቱ ተወጥሮ ግድግዳው እንዲታይ ከምርመራው በፊት ባለው ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጠጣል። ቶሎ ጨርሰው ለመገላገል አይጣደፉ፤ በየጊዜው ከተከፋፈለ ፈሳሹ አንጀቱን በሙሉ ይደርሳል። ከአንጀቱ ወደ ውጭ የሚያድጉ ዕጢዎችን፣ በዙሪያው ያሉ ንፍፊቶችንና ጉበትን የሚያሳየው ይኸው ነው፤ ካፕሱል እነዚህን ፈጽሞ አያይም። የሆድ አልትራሳውንድ የዚህን ቦታ አይተካም። «አልትራሳውንዱ ንጹህ ነው» ለትንሹ አንጀት ብዙም ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥርጣሬው ካልጠራ በአንዳንድ ማዕከሎች የሙከራ ካፕሱል ይሰጣል። ካሜራ የለውም፤ ከተጣበቀ በራሱ ይሟሟል። ቅርጹን እንደያዘ በጊዜው ካለፈ እውነተኛውም ያልፋል ማለት ነው።

ካፕሱሉ

የሚዋጠውን ካሜራ ያሰበው ጋቭሪኤል ኢዳን የተባለ እስራኤላዊ መሐንዲስ ነው፤ ሙያውም ለሚሳይል ዓይን መሥራት ነበር። ሥራው በ2000 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ፣ በዓመቱ አሜሪካ ለሕክምና ፈቀደችው። ከዚያ በፊት በትንሹ አንጀት መካከል ያለን ዕጢ በዓይን ለማየት ዋናው መንገድ ሆድ መክፈት ነበር።

ርዝመቱ 26፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጫፉ ግልጽ ሆኖ ካሜራና መብራት አለው፤ የቀረው ባትሪና ማስተላለፊያ ነው። በሰከንድ ሁለት ፎቶ ወይም ከዚያ በላይ እያነሣ፣ ለስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ እየሠራ፣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ምስል በወገብ ላይ ወደታሰረው መቅረጫ ይልካል።

ዝግጅቱ ላይ ሰው ቸል ይላል፤ ውጤቱ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የብረት ክኒን ከምርመራው አምስት እስከ ሰባት ቀን አስቀድሞ ይቁም። ብረት የአንጀቱን ውስጥ ያጠቁረዋል፣ የጠቆረ ፈሳሽ ደግሞ ዕጢም ደምም ይደብቃል። ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል፦ ውሃ፣ ወተት የሌለበት ሻይ፣ በጨርቅ የተጠለለ የሾርባ ውሃ፣ ፍሬ የሌለው የአፕል ጭማቂ። እዚህ ላይ የቤታችን ልማድ ያስቸግራል። «ጠንካራ ምግብ አትብላ» ሲባል እናቶች አጥሚት፣ በሶ፣ አብሽ ወይም ተልባ በጥብጠው ይሰጣሉ። እነዚህ ሁሉ የተከለከሉ ናቸው። ተልባ በተለይ ይከፋል፤ ልጋጉም ቅንጣቱም አንጀቱ ላይ ይለጠፋል። ቀይ መጠጥም ይቅር፣ ከደም አይለይም። ማታ ደግሞ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሊትር፣ ይጠጣል። ጣዕሙን ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ቀዝቀዝ ብሎ ሲጠጣ ይቀልላል። ከዚያ በኋላ እስከ ጠዋት ጾም ነው።

ጿሚ ለሆነ ክርስቲያን የዋዜማው ምግብ፣ የሾርባው ውሃ የሥጋ ካልሆነ፣ በዓይነቱ ከጾም ጋር አይጋጭም። ረመዳንን የሚጾም ሰው ግን ቀጠሮው ከወሩ በፊት ወይም በኋላ እንዲሆንለት ይጠይቅ፤ ካፕሱሉ የሚዋጠው ቀን በውሃ ነው፣ ዝግጅቱም ብዙ መጠጣት አለበት። የስኳር በሽተኛ መርፌውንና ክኒኑን በዚህ ዋዜማ እንዴት እንደሚያደርግ ከራሱ ሐኪም ጋር ሳይነጋገር አይጀምር።

በዕለቱ ልቅ ያለ፣ ሁለት ቁራጭ ልብስ ይልበሱ፤ ነጠላ ቀሚስ ሽቦዎቹንና ቀበቶውን ያስቸግራል። ነርሷ ሆድዎ ላይ ማያያዣዎቹን ትለጥፋለች ወይም ቀበቶውን ታስራለች፣ ካፕሱሉን ከሳጥኑ ስታወጣው ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። አይታኘክም። የሚያንቀው ወይም መዋጥ የሚቸግረው ሰው ቀድሞ ይናገር፤ በተራው ኢንዶስኮፒ ጨጓራ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰውና እርጉዝ ሴትም ከቀጠሮው በፊት ይናገሩ። ካፕሱሉ ከተዋጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ ምግብ ይፈቀዳል። መተኛት አያስፈልግም፤ መራመድ፣ ቢሮ መቀመጥ ይቻላል። የመቅረጫውን መብራት አልፎ አልፎ ይዩት፤ ብልጭታው ከቆመ ለክፍሉ ይደውሉ።

ካፕሱሉ የሚጣል ነው፤ አጥቦ የሚመልሰው የለም። ብዙውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ይወጣል። ሲወጣ ካላዩትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተረጋገጠ የሆድ ራጅ ይነሡ። ከመቶ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ የሚጣበቅ ሲሆን የሚጣበቀውም በጠበበው ስፍራ ነው። ያ ስፍራ ዕጢው ራሱ ሊሆን ስለሚችል አንዳንዴ መጣበቁ መልስ ይሆናል፤ ግን በቱቦ ወይም በቀዶ ማውጣት ይጠይቃል። መውጣቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ኤምአርአይ ክፍል አይግቡ። ይህን በሌላ ሆስፒታል ለሚያክምዎ ሰውም ይንገሩ፤ በፋይልዎ ላይ ላይኖር ይችላል።

ምስሉ ላይ ምን ይታያል

የሚያነበው ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስክሪን ላይ ተተክሎ ይቆያል። ጤነኛ አንጀት እርጥብ፣ ሮዝ፣ ጥቃቅን ጸጉር መሳይ ቅጥልጣዮች የሞሉበት ነው። ዕጢ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚታየው እብጠት ነው፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ይጀመራል። ጎረቤት የሆነ የአንጀት እጥፋት ከውጭ ሲገፋ ልክ ዕጢ መስሎ ይወጣል። አንባቢው የእብጠቱን ጠርዝ ያያል፦ ከዙሪያው ተለይቶ ይታወቃል ወይስ ቀስ ብሎ ይጠፋል? ቁስል አለበት? ቀለሙ ተለውጧል? እጥፋቶች ወደ እሱ ይሳባሉ? ካፕሱሉስ እዚያ ስፍራ ላይ በርካታ ደቂቃ ቆመ ወይስ ሹልክ ብሎ አለፈ? መቆሙ መንገዱ እንደጠበበ ይጠቁማል።

የዕጢው ዓይነት ከመልኩ ይገመታል እንጂ አይወሰንም። አዴኖካርሲኖማ የሚበዛው በዱኦዲነም ሲሆን ቁስለኛና አጥባቂ ነው። የነርቭና ሆርሞን ሕዋሳት ዕጢ በኢሊየም ይበዛል፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆኖ ይገኛል። ጂስት የሚባለው ከግድግዳው የጡንቻ ሽፋን ውስጥ የሚነሣ ዕጢ ላዩ ጤነኛ ሽፋን ለብሶ መካከሉ ላይ ቁስል ይከፍታል፤ ድንገት ብዙ ደም የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሊምፎማ ልማድ የለውም፤ ቁስልም፣ እብጠትም፣ የወፈረ እጥፋትም ይመስላል። ኤችአይቪ ባለበትና በሽታው በገፋበት ሰው ቀይ ወይም ወይን ጠጅ የሆነ እብጠት ካፖሲ ሳርኮማ ሊሆን ይችላል። ሊፖማ ደግሞ ቢጫና ልስልስ የስብ እብጠት ነው፤ ካላደማ ወይም ካልዘጋ ይተዋል።

የካፕሱልን ድካም ይወቁ። ናሙና መውሰድ አይችልም፣ ወደ ኋላ አይመለስም፣ በዱኦዲነምና በጀጁነም መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ስለሚያልፍ እዚያ ያለ ዕጢ ሊያመልጠው ይችላል፤ የሐሞት ቱቦውን አፍማ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። ከግድግዳው ውስጥ የሚነሡ ዕጢዎችም ያመልጡታል። አጠራጣሪ ነገር ካየ ግን ቦታውን በሰዓት ይነግራል፤ ቀጣዩ እርምጃ በዚያ ላይ ይቆማል።

ባሉን ያለው ቱቦ

በ2001 እ.ኤ.አ. በጃፓን የጂቺ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሂሮኖሪ ያማሞቶ ባለ ሁለት ባሉን ኢንዶስኮፒን ይፋ አደረገ። ቱቦው ሁለት ሜትር ይሆናል፤ በላዩ ላይ ሌላ ሰፋ ያለ ሽፋን ቱቦ አለ፣ በሁለቱም ጫፍ የሚነፋ ባሉን አለ። የውጩ ባሉን ተነፍቶ አንጀቱን ሲይዝ የውስጡ ይገፋል፤ ከዚያ የውስጡ ይይዝና የውጩ ይከተላል፤ ሁለቱም ተነፍተው ወደ ኋላ ሲሳቡ አንጀቱ እንደ ሸሚዝ እጅጌ በቱቦው ላይ ይሰበሰባል። ሁለት ሜትር ብቻ ያለው መሣሪያ ብዙ ሜትር አንጀት የሚያየውና ካፕሱሉ ያልቻለውን ናሙና የሚወስደው በዚህ ነው። በኋላ የመጣው ባለ አንድ ባሉንም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

በአፍ ነው የሚገባው ወይስ በፊንጢጣ? ይህን የሚወስነው የካፕሱሉ ሰዓት ነው። ዕጢው የታየው ካፕሱሉ ከትንሹ አንጀት ጉዞው ሁለት ሦስተኛውን ሳይጨርስ ከሆነ በአፍ፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ በታች በኩል ይገባል። በአፍ ከሆነ ዝግጅቱ ጾም ነው፤ በታች ከሆነ ሙሉ የኮሎኖስኮፒ አጠባ ያስፈልጋል።

ከቀጠሮው በፊት ከሁሉ በላይ የሚነገረው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው፤ ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ወይም አዲሶቹ ዓይነቶች። በራስዎ አያቁሙ፣ ደብቀውም አይምጡ። ለልብ ስቴንት ወይም ለሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የሚወሰድ ከሆነ የልብ ሐኪሙና የአንጀት ሐኪሙ ተነጋግረው ቀኑን ይወስኑ። ምርመራው ረዘም ያለ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ ጥልቅ ማደንዘዣ ወይም ሙሉ ሰመመን ይሰጣል። ስለዚህ የልብና የሳንባ ታሪክዎ ይጠየቃል፤ ጥርስዎ የሚወልቅ ከሆነ ይናገሩ፤ የሚያደርስዎ ሰው ይምጣ። ያን ዕለት መኪና አይነዳም፣ ውል አይፈረምም። በአሜሪካ የሚታከሙ ወገኖች የስምምነቱን ፎርም ከመፈረማቸው በፊት ሆስፒታሉ ያለ ክፍያ ተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠይቁ፤ ልጅን ማስተርጎም ለዚህ ጉዳይ አይሆንም።

ጉዳት አለው? አለው፣ ግን ጥቂት ነው። አንጀት መበሳት፣ መድማት፣ በአፍ በኩል ሲሆን ደግሞ የቆሽት መቆጣት ሊደርስ ይችላል፤ ለምርመራ ብቻ በሚሠራበት ጊዜ ከባዱ ጉዳት ከመቶ ሰው በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሆድ መነፋትና ጉሮሮ መሻከር ይጠበቃል። እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ከማስመለስ ጋር፣ ትኩሳት፣ ወይም ደም ካዩ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። የባሉን ኢንዶስኮፒ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ለእሱ ሲባል ቤት ተሸጦ ወደ ውጭ የሚኬድበት ጊዜ አለ። ሲቲው ላይ ግልጽ፣ ለብቻው የቆመ፣ መንገዱን እየዘጋ ያለ ዕጢ ካለ፣ ያ ጉዞ ብዙ ጊዜ አስፈላጊ አይደለም። ዕጢው የሚወጣው በቀዶ ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ በቀጥታ መሄድ ይሻላል፤ ምርመራውም ከወጣው ዕጢ ይሠራል። ናሙናው አስቀድሞ የግድ የሚሆነው ሕክምናው ቀዶ ላይሆን በሚችልበት ጊዜ ነው፤ ከእነዚህም ዋናዎቹ ሊምፎማና ቲቢ ናቸው። «ባሉኑን ሳናደርግ ቀዶ ብንገባ ምን እናጣለን?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። መልስ የሚሰጥዎን ሐኪም ይመኑ።

ናሙናው

ቲቢን የጠቀስኩት በከንቱ አይደለም። የአንጀት ቲቢ የሚወደው ስፍራ የትንሹ አንጀት መጨረሻ ነው፤ ያቆስላል፣ ያጠባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ በካሜራም በሲቲም ዕጢ ይመስላል። የሚድን ነው። ስለዚህ በሀገራችን ከዚያ ስፍራ የሚወሰድ ናሙና ለካንሰር ብቻ ሳይሆን ለቲቢም እንዲታይ በማዘዣው ላይ ይጻፍ። ለዚህ አንድ ቁራጭ አይበቃም። ለካንሰር የሚታየው ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ለቲቢ ካልቸር የሚላከው ግን ፎርማሊን ከነካው ተበላሸ ማለት ነው፣ ባክቴሪያውን ስለሚገድለው።

በአንዳንድ ቦታ ናሙናውን ይዞ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ የሚሄደው ቤተሰብ ነው። ብልቃጡ ላይ የታካሚው ሙሉ ስም፣ ናሙናው የተወሰደበት ስፍራና ቀን ተጽፎ እንደሆነ ከክፍሉ ሳይወጡ ያንብቡ። አይክፈቱት፣ ውሃ አይጨምሩበት፣ ቦርሳ ውስጥ ተንጋዶ እንዳይፈስስ ቀጥ አድርገው ይያዙት። የማዘዣ ወረቀቱ አብሮ ይሂድ፤ የሕመሙን ታሪክ የማያውቅ ፓቶሎጂስት ከሩብ ጥፍር የሚያንስ ቁራጭ ይዞ በጭፍን ነው የሚሠራው።

ሐኪሙ ሌላም ሥራ አለው። ዕጢው አጠገብ በመርፌ ጥቁር ቀለም ይወጋል። ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ሲከፍት ወይም በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሲገባ፣ ከዚያ ሁሉ ሜትር ውስጥ ስፍራውን የሚያገኘው በዚህ ምልክት ነው። «ቀለም ተደርጓል ወይ? ከዕጢው በየት በኩል?» ብለው ጠይቀው ሪፖርቱ ላይ ያስጽፉ። ከባሉኑ በኋላ ለዓመት ቢቆይም ቀለሙ አይጠፋም።

የፓቶሎጂው መልስ «ምንም ክፉ ነገር አልታየም» ቢልስ? ከላዩ ጤነኛ ሽፋን ለለበሰ ዕጢ ይህ መልስ ብዙም ዋጋ የለውም፤ ቁንጢጡ የወሰደው ሽፋኑን ብቻ ሊሆን ይችላል። ጂስት የሚጠረጠር ከሆነ መደጋገም ደም ያስነሣል፣ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ ትቶት ወደ ቀዶ ይልካል። ሊምፎማ ሲጠረጠር ግን ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ቁራጭ ካልተወሰደ ዓይነቱ አይለይም፣ መድኃኒቱም በዓይነቱ ይለያያል። ፓቶሎጂው ተጨማሪ ልዩ ቀለም ያስፈልገዋል ብሎ ሲዘገይ አይበሳጩ፤ በተለይ ጂስትን ከጡንቻ ዕጢ የሚለየው ያ ነው።

ንጹህ ነው ከተባለም በኋላ

ሁሉም ምርመራ አልቆ ምንም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ብረቱ ተሞልቶ፣ ማስታገሻው ቆሞ፣ ሄሞግሎቢኑ ከወር ወር ከጸና ጥሩ ነው፤ መከታተል ብቻ ይቀራል። የምርመራዎቹን ሪፖርት፣ የካፕሱሉን ምስሎች በሲዲ ወይም በፍላሽ፣ የፓቶሎጂውን ቁጥር በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ፓቶሎጂው ያለው የመስታወት ስላይድና ብሎክ ሌላ ቦታ ለሁለተኛ አስተያየት ስለሚፈለግ የት እንደተቀመጠ ይወቁ። የሄሞግሎቢኑን ውጤት ከነቀኑ በራስዎ ደብተር ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ያ ደብተር ነው።

ካፕሱሉ ንጹህ ነው ከተባለ በኋላ ሄሞግሎቢኑ በአራት ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ቀድሞ በዓይን የማይታይ የነበረው ደም በግልጽ መታየት ከጀመረ፣ ካፕሱሉን መድገም ትርጉም አለው፤ በሁለተኛው ዙር ዕጢ ሲገኝ ታይቷል። በዚያን ጊዜ ለአዲስ የብረት ክኒን ወደ ፋርማሲ አይሂዱ፤ ፋይልዎን ይዘው ወደ አንጀት ሐኪሙ ይመለሱ።